ጥቅምት ሲጠባ የሚመጡት

አንበሳሜ ላይ ጥቅምት ሲጠባ ጓሮው እንግዳ ይበዛበታል። ላሟ ከታሰረችበት ጥግ፣ ከጌሾው ሥር፣ ቢጫ ደረት ያላት ትንሽ ወፍ ጅራቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ትሯሯጣለች። ላሟ በተራመደች ቁጥር ሳሩ ውስጥ የተደበቀው ትንኝና ፌንጣ ብድግ ይላል፤ ወፏም ከሰኮናው ሥር ለቀም ታደርገዋለች። ክብደቷ 20 ግራም ቢሆን ነው። ይህቺው ፍጥረት ባሕርና በረሃ አቋርጣ ከሰሜን የመጣች ናት። ልጆች ድንጋይ ባያነሡባት ምንኛ ደግ ነበር!

ቀና ላለ ሰው ሌላም የሚታይ አለ።

ኅዳር ላይ ክሬን የሚባሉት ግራጫ ወፎች የጉማራና የርብ ወንዞች ወደሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ይወርዳሉ። ቁመታቸው ከ1 ሜትር ይበልጣል፤ ክንፋቸው ሲዘረጋ 2 ሜትር ያልፋል። ገና ሳይታዩ ድምፃቸው ይሰማል። ኢስቶኒያና ፊንላንድ ውስጥ የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መዝለቃቸው ተረጋግጧል። ቀን ሩዝና ጤፍ ከታጨደበት ማሳ ቃርሚያ ይለቅማሉ፤ ማታ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ሽምብራው ውስጥ ሲገቡ ገበሬው ያባርራቸዋል። እውነት አለው፤ የልጆቹ ጉርስ ነው።

የሚያሳስበው ማደሪያቸው ነው። የወላላና የሸሸር ረግረጎች ለእርሻና ለመስኖ ሲባል ከዓመት ዓመት እየጠበቡ ሄደዋል። ረግረጎቹ የሚገኙበት የጣና ሐይቅ ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። መጋቢት ደርሶ ወፎቹ ወደ ሰሜን እስኪነሡ ድረስ ረግረጉ በፓምፕ ተመጦ እንዳያልቅ መጠበቅ ግን የወረዳውና የአርሶ አደሩ ሥራ ነው።