ስለ ትዝታው ፖስቴ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ካርድ እድሳትም ስለ ራሽንም አይደለም። ስለ ዘፈን ነው። «በዚህ ጊዜ ደግሞ ዘፈን?» የምትሉ አትጠፉም፤ እውነታችሁን ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ በዘፈን ምክንያት ሰው በድያለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት «ትዝታን አትግደሉብን» ብዬ የለጠፍኩትን ታስታውሳላችሁ። እዚህ ገዳሪፍ ያለች የእኛው ልጅ በስልኳ ሠርታ ቲክቶክ ላይ ያወጣችውን ትዝታ ከሥሩ አያይዤ ነበር። ከበሮው ከስልክ አፕ የወጣ ነው። ድምፅዋ በኦቶቲዩን ተጎትቶ የማሽን ድምፅ መስሏል። ግጥሙ ደግሞ ግማሹ ዐረብኛ ነው። እኔም «ይሄ ትዝታ ከሆነ የታክሲ ጡሩንባም ትዝታ ነው» ብዬ ቀለድኩ። ሳቃችሁ፣ ሼር አደረጋችሁ። ወዲያው ኮመንቱ ዘፈኑን ትቶ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ሱዳን ሆናለች»፣ «አሳዳጊ የበደላት»፣ ሌላም የማልደግመው። በሁለተኛው ቀን ቪዲዮውን አጠፋችው። እኔም ባህል ያዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ክርክሩ እንኳን አዲስ አይደለም። ከገበያው ጀርባ ባለችው የቡና ራኩባ ከሰዓት በኋላ የምንገናኝ ሰዎች ስንት ጊዜ ተኳርፈንበታል። በደርግ ጊዜ በመተማ በኩል በእግራቸው የወጡ አንድ ጋሼ አሉን። ለእሳቸው ትዝታ ማለት ማሕሙድ አሕመድ ነው፤ ከኋላው ሳክስፎንና ትራምፔት ተሰልፎ። «ኪቦርድ የገባ ዕለት ትዝታ ሞተ» ይላሉ። ከጎንደር ገጠር የመጡ እናት ደግሞ በጋሼ ይስቃሉ፤ «ያንተ ጡሩንባ የወታደር ሰልፍ ነው፤ ትዝታ በማሲንቆ ነው» ይሏቸዋል። እኔና እኩዮቼ በካሴት ያደግን ነን። የአስቴርንና የኤፍሬም ታምሩን ካሴት ሲጠመዝዝብን በእስክሪብቶ እያጠነጠንን ነው ያደግነው። ለእኛ ኪቦርዱ ራሱ ናፍቆት ነው። ኦቶቲዩን ሲመጣ ግን እንደ ጋሼ «ሞተ» ማለት ጀመርን።

ድምፁ ለምን እንደተቀየረ ግን ተነጋግረን አናውቅም። የጋሼ ትዝታ የሸክላ ዘመን ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬኮርድስን ከፍቶ እስከ 1975 የማሕሙድን፣ የዓለማየሁ እሸቴን፣ የሌሎችንም ሸክላ አሳተመ። ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጿ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የምትይዘው። ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የሌሊት ክበቦች ሥራ ተዳከመ። ሸክላ ቀርቶ ካሴት መጣ፤ በአንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት የሚያዘፍን። ቆይቶም አንድ ኪቦርድ የሦስት የአራት ነፋሾችን ቦታ ያዘ፤ ለአንድ ሰው መክፈል ለአራት ከመክፈል ይቀላልና። በድሮውም ዘመን ቢሆን አንድ ዓይነት ትዝታ አልነበረም፤ ጌታቸው ካሣ በዝግታም በፈጣንም ተጫውቶታል።

ስደቱም የራሱን ድምፅ ጨምሯል። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሄዶ አሜሪካ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን ሆኖ ቀዳ። አጠገቡ ባንድ የሌለው ሰው በማሽን ይመታል። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ የልጅቷን የስልክ ከበሮ የሰደብኩት።

ባለፈው ሐሙስ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። የምታፈላልን እህት የልጅቷ እናት ናት፤ ይህን ስጽፍም አውቅ ነበር። ፌስቡክ አታነብም ብዬ ነው። ለካ ጁባ ያለ የወንድሟ ልጅ ደውሎ ሁሉንም አንብቦላታል። አቦሉንም ቶናውንም ምንም ሳትል ቀዳችልኝ። በረካው ላይ ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል?» አለችኝ።

አልሰማሁትም። እውነቱን ልናገር፣ ግማሽ ደቂቃም አልሰማሁ።

ነገረችኝ። ዘፈኑ ለአባቷ ነው። ኻርቱም፣ ደይም ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሚያዝያ ሲጀምር የስኳር በሽታ ነበረበት፤ መድኃኒቱ አለቀ፤ በተኩሱ መሀል የሚያመጣ ሰው አልተገኘም። ሲሞት ወደ መቃብር ቦታ መሄድ ስላልተቻለ የሱዳን ጎረቤቶቻቸው ከቤቱ ፊት ለፊት ቆፍረው ቀበሩት። ለቅሶ የተቀመጡት እነሱ ናቸው። ልጅቷን አቅፈው ያለቀሱላት በዐረብኛ ነው። «ዐረብኛው ከየት መጣ ብለህ ጽፈሃል አሉ» አለችኝ። «ያስለቀሷት ሴቶች ቃል ነው። እኔ እንኳ ያን ቀን ቃል አልነበረኝም።»

ስለ ማሽኑ ድምፅም ጠየቅኋት፤ አሁንም ለመከራከር ይመስል። «አባቷን የምትጠራበት ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ይቆረጣል። አሥር ጊዜ ቀዳችው፤ አሥር ጊዜም አለቀሰች። በኋላ ያን ነገር ስትጨምርበት ድምፄን ያዘልኝ አለች።»

የቡናውን ሂሳብ አልቀበልም አለችኝ። ከዚያ የባሰ ቅጣት አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ይህን ነው። እያንዳንዳችን «እውነተኛው ትዝታ» የምንለው አገር ስንለቅ በጆሯችን የቀረውን ነው። ጋሼ ትራምፔቱን ይዘው ወጡ፣ እኔ ኪቦርዱን። ልጅቷ ግን ከአገር አልወጣችም፤ ኻርቱም ነው የተወለደችው። እሷ የወጣችው ከደይም ነው። በጆሮዋ የቀረው የደይም ድምፅ ነው። እኛ የእሷን ስደት ስደት አላልነውም።

ደግሞስ የጋሼ ትራምፔት ከየት መጣ? ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አመጡ። በቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ናቸው። «አርባ ልጆች» የሚባለው የነሐስ ባንድ የእነሱ ነበር። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስም ብዙ የአገራችንን ሙዚቀኞች አስተማረ። «የአባቶቻችን» ብለን የምንጣላለት ድምፅ ሥሩ ሲመዘዝ ብዙው እዚያ ይደርሳል። አባት እናት የሌላቸው ስደተኛ ልጆች ዘንድ! ያኔ አንድ ሰው ተነስቶ «አርመኖቹ ዜማችንን ገደሉት» ብሎ ቢያስባርራቸው ኖሮ ጋሼ ምን ይዘው ይሰደዱ ነበር?

ስለ ሱዳኑም ልጨምር። ሙዚቀኞች ትዝታ ሜጀር የሚሉት አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ለሱዳን ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ የእነሱም ዘፈን አብዛኛው በአምስት ድምፅ ነው። መሐመድ ዋርዲ በእኛ አገር፣ ማሕሙድና ጥላሁን በእነሱ አገር የተወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ገዳሪፍ ሰርግ ቤት የሄደ ያውቀዋል። ልጅቷ ሁለቱን ስትቀላቅል ከቅኝቱ አልወጣችም፤ ከፓስፖርቱ ነው የወጣችው።

ያ ከበሮ አሁንም ደስ አይለኝም። አልዋሽም። ጋሼም ሰምተውት «ቶሎ ቶሎ ይመታል» ብለዋል። ዘፈን አልወደድኩም ማለት መብት ነው። እኔ ያደረግሁት ግን ሌላ ነው፤ የሐዘንተኛ ልጅ ለቅሶ አልቅሰሽ አታውቂም ብዬ ከድንኳኑ አስወጣሁ።

ትናንት ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ልጅቷ ሻይ አመጣችልኝ፤ «ምንም አይደል ጋሼ» አለችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም። ዘፈኑን መልሳ ታውጣው አታውጣው የእሷ ጉዳይ ነው፤ አልለመንኳትም።

እናንተን ግን እለምናለሁ። የእኔን ፖስት አጥፍቻለሁ። ሼር ያደረጋችሁ አጥፉልኝ። ስሟን ጠርታችሁ የጻፋችሁ፣ ገብታችሁ ኮመንታችሁን ሰርዙ። ቪዲዮዋን በስልካችሁ ያስቀራችሁ ካላችሁ ሳታስፈቅዷት አትለጥፉ።

ከዚህ በታች ደግሞ እየተሰዳደብን ሳይሆን እየተጨዋወትን እንጻፍ፦ መጀመሪያ የሰማችሁት ትዝታ የማን ነው? ከየት ስትወጡ ነበር የሰማችሁት?

እኔ ልጀምር። የበዛወርቅ አስፋው ነው። እናቴ ዘንድ፣ በካሴት።