ቤት ነሽ አይደል?

ተመርቄ ከቤት መሥራት በጀመርሁባቸው ሳምንታት ከሥራው ይልቅ የከበደኝ የእናቴ ጥያቄ ነበር፦ «ቤት ነሽ አይደል?» ጥያቄው ሁልጊዜ ተከታይ አለው፤ ወፍጮ ቤት፣ የጎረቤት ለቅሶ፣ ሽንኩርት መክተፍ። አልወቅሳትም። ለእርሷ ሥራ ማለት ጠዋት ታክሲ ተሰልፎ መሄድ፣ ማታ ደክሞ መምጣት ነው። የሥራ ሰዓቴን ጽፌ በሬ ላይ ለጠፍሁላት። አሁን ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ክፍሌን እየጠቆመች «ሥራ ገብታለች» ትላለች።

ተመራቂዎች ምክር ሲጠይቁኝ ከሲቪ በፊት ስለ ሰዓት እነግራቸዋለሁ። ኒውዮርክ ያለ መሥሪያ ቤት ጠዋት 9:00 ላይ ሲከፍት፣ በእነርሱ ክረምት፣ አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። እዚያ 5:00 ላይ ሲዘጋ እኛ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። መጋቢት መግቢያ አካባቢ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፋሉ፤ የ11 ሰዓቱ ስብሰባ 10 ሰዓት ላይ ይመጣባችኋል። ጥቅምት መጨረሻ ይመልሱታል። የእኛን «3 ሰዓት» ፈረንጅ 9:00 ብሎ አይረዳውምና ቀጠሮ ስትይዙ የማን ሰዓት እንደሆነ ጻፉ።

ነገሩ ግን ስሌት ብቻ አይደለም። ረቡዕ 11 ሰዓት ተኩል የመዘምራን ልምምድ አለን። ውል ከመፈረሜ በፊት «ስምንቱንም ሰዓት አብሬያችሁ መሆን አለብኝ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሦስቱን ሰዓት ከእነርሱ ጋር፣ ቀሪውን በቀን እንድሠራ ተስማማን። ረቡዕን ግን አልለቀቁልኝም፤ የቡድኑ ስብሰባ ያን ቀን ነው። ልጆቹ «አልቶ ጠፋ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀልዱ አንዳንዴ ያመኛል።

ሌላው ዝምታ ነው። ቢሮ ውስጥ አለቃ ፊታችሁን አይቶ መቸገራችሁን ይረዳል፤ በርቀት የሚያየው የጻፋችሁትን ብቻ ነው። ይሉኝታ ያሳደገን ልጆች «አልገባኝም» ማለት ስለሚያቅተን ሁለት ቀን ዝም ብለን እንታገላለን። እኛ ትጋት የምንለውን እነርሱ መጥፋት ይሉታል። ስለዚህ በየቀኑ የጨረስሁትን፣ ያስቸገረኝን፣ ነገ የምቀጥለውን እጽፋለሁ። መብራት ሲሄድ በስልክ ዳታ አንድ መስመር እልካለሁ። (ሥራ ሳይሰጥ «የመመዝገቢያ» ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ግን ሽሹት።)

ባለፈው ክረምት አምስት ተመራቂዎች የወጣቶች ኮንፈረንሱን ዝግጅት አንድም ቀን ሳይሰበሰቡ፣ በጽሑፍ ብቻ እንዲያስተባብሩ ሞከርን። በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ ድምፃቸው ጠፋ። በስብሰባ አንድ ቃል የማትተነፍሰው ልጅ ግን ከሁሉም ግልጽ አድርጋ የምትጽፈው ሆና ተገኘች። ሰሞኑን የሥራ ማመልከቻዎቿን እያየሁላት ነው።