ጥዱ ይቆረጥ ወይስ ይከርከም?

እኛ ሮቤና ጎባ ያደግን ልጆች ጥድ አጥተን አናውቅም፤ አሁን አሁን የሚያምረን ግን አዲስ አበባ ካፌ ደጃፍ የምናየው፣ ከወገብ የማያልፈው ድንክ ጥድ ነው። እውነተኛው ድንክ ታዲያ መቀስ ያሳጠረው አይደለም፤ ሲፈጥረው ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። የሚራባውም ከቅርንጫፉ ነው፤ ከዘር የበቀለው እንደ እናቱ ድንክ መሆኑ አያስተማምንም። ሻጩ «አያድግም» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑ። ሥሩ ማሰሮ ውስጥ ተጨናንቆ ያጠረም አለ፤ መሬት ሲያገኝ ይመነደጋል።

የኛ ሰፈር አጥር የፈረንጅ ጥድ ነው፤ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ። ከለቀቃችሁት 30 ሜትር ይደርሳል፤ ድንክ የሚያደርገው መቀስ ብቻ ነው። መቀሱም ሕግ አለው፤ አረንጓዴው ላይ እንጂ ቡናማው ላይ አይቆረጥም። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ይነሳል፤ የፈረንጅ ጥድ ግን ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ገና በለጋነቱ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ከርክሙት። ከሥሩ ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል፤ አለበለዚያ ታችኛው ፀሐይ አጥቶ ይደርቅና አጥራችሁ የፍየል በር ይሆናል። ደግሞ ውርጭ ሲቃረብ መቀስ አታንሱ፤ የኛን ደጋ ታውቁታላችሁ፣ ለጋውን ያሳርረዋል።

የሚቆጨን ግን የሐበሻ ጥድ ነው፤ በኦሮምኛ ጋቲራ የምንለው። ከሮቤ ብዙም ሳይርቅ ዲንሾ ላይ፣ በፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዙሪያ፣ ከኮሶ ጋር ተደባልቆ ቆሟል፤ የደጋ አጋዘን ሥሩ ይውላል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ግቢያችን ውስጥ ግን ጋቲራን የምናውቀው ምስጥ የማይደፍረው የአጥር ቋሚ ሆኖ ነው፤ ሞቶ ማለት ነው።

ሰሞኑን ጎባ፣ አያታችን አኮ ቤት ክርክር ተነሳ። አንዱ የፈረንጅ ጥድ ከአጥሩ አምልጦ መስኮቷን ጋርዷል፤ ጎባ ላይ የጠዋት ፀሐይ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ግማሾቻችን ይቆረጥ፣ ግማሾቻችን ይከርከም አልን። እንከርክመው ቢባል እስከ መስኮቱ ያለው ግንድ ቡናማ ብቻ ነው። አኮ ዝም ብላ ሰማችንና፣ ይቆረጥና በቦታው ጋቲራ ይተከል አለች። ያደግ የለም ወይ፣ ነገ እሱም ይጋርድሻል አልናት።

«እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ» አለች። «መስኮቴ ላይ እስኪደርስ እኔ የለሁም፤ እናንተ ትከረክሙታላችሁ።»