ዐይኑ «ዐ»

ታናሽ ወንድሜ ሲያርፍ ከተወው ኮምፒዩተር ውስጥ 2,316 ፎቶግራፎች አገኘሁ። ደባርቅ ሲያስተምር በኖረባቸው ዓመታት፣ በየዕረፍቱ በቅሎ እየተከራየ በተራሮቹ ሲዞር ያነሣቸው ናቸው። ሁሉም በአንድ ሥፍራ፣ አውድማ ላይ እንደ ተሰጣ እህል፣ ተዘርግተዋል። ስም ግን አልነፈጋቸውም፤ እያንዳንዱን በእጁ ሰይሞታል፦ «ዳባት-004»፣ «ሳንቃበር-031»፣ «ግጭ-112»፣ «ጨነቅ-009»፣ «አምቢኮ-017»። («ስሜን» ነው ወይስ «ሰሜን» የሚለውን ክርክራችንን እንተወው፤ እርሱ ሁለቱንም ጽፎ አያውቅም።)

ሙት ዓመቱ ሳይደርስ በየቦታቸው ለይቼ ለልጁ ልሰጣት አሰብሁ። በመዳፊት አንድ በአንድ እየጎተቱ መለየት የሳምንት ሥራ ነው። ተርሚናል በሚሉት ጥቁር መስኮት ግን ጥቂት መስመር ይበቃል፤ ሊኑክስን «ከጭረቷ በፊት ያለውን ስም ውሰድ፣ ፋይሉንም ያ ስም ወዳለው ፎልደር አዛውር» ብሎ ማዘዝ ነው። ማዛወሪያው ቃል «ኤምቪ» ይባላል። ፎልደሮቹን አስቀድሜ በእጄ ፈጠርሁ፤ ዐሥራ አራት የቦታ ስም።

ትእዛዙን ሰጠሁ። መስኮቱ ምንም አላለም። ይህ መስኮት ሥራው ሲቃናለት ዝም ይላልና ዝምታውን እንደ ምርቃት ተቀበልሁት።

ዳባት ሞልቷል። ሳንቃበር ሞልቷል። ጨነቅ ከነዝንጀሮው ሞልቷል። «ዐምቢኮ» ባዶ ነው። ከአጠገቡ «አምቢኮ» የሚባል አንድ ፋይል ብቻውን ቆሟል።

ሁለታችንም ፊደል የቆጠርነው ከአንድ የኔታ እግር ሥር ነው። እርሱ ግን «ድምፃቸው አንድ ከሆነ አንዱ ይበቃል» ይል ነበር፤ እኔ ደግሞ ደብዳቤውን በቀይ ቀለም እያረምሁ እመልስለት ነበር። ለአምቢኮ ዐይኑ «ዐ» ይገባዋል ያለኝ ማንም የለም፤ ለእኔ አምሮ ስለ ታየኝ ብቻ ጻፍሁት። ለጆሯችን አንድ የሆኑት አልፋው «አ» እና ዐይኑ «ዐ»፣ ፊደላችንን በ1999 እ.ኤ.አ. በተቀበለው ዩኒኮድ ዘንድ የ«ቀ»ን እና የ«ረ»ን ያህል ባዕዳን ናቸው። «አምቢኮ» የሚል ፎልደር ያጣው «ኤምቪ» የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ስሙን «አምቢኮ» አለው፤ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ላይ ጻፈበት፤ ሦስተኛውን በሁለተኛው ላይ። 58 ነበሩ። የተረፈው የመጨረሻው ነው።

ከፎልደሩ ስም ኋላ አንዲት ያዘመመች መስመር ብጨምር ኖሮ «እንዲህ ያለ ፎልደር የለም» ብሎ ይመልሰኝ ነበር። ቅጂም አልያዝሁም። ባለሙያ ዘንድ ወሰድሁት፤ አልተገኙም።

አምቢኮ፣ ከጨነቅ ተነሥቶ ከ4,400 ሜትር በላይ የሆነውን ቧሂትን ተሻግሮ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዶ ዳግመኛ ዳገት ለወጣ መንገደኛ ማደሪያ ነው። ራስ ደጀንን የሚሻ እዚያ አድሮ ገና ሳይነጋ ይነሣል። ወንድሜ ተራራውን ብዙ አያወራም ነበር። የሚያወራው ስላሳደሩት ሰዎች ነው፤ ስለ ገብስ ዳቦው፣ እሳት ዳር ስለ ለቀቁለት መደብ። ፎቶግራፍ ሲያነሣቸው «አሳጥቤ አመጣላችኋለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ረሳው። በታመመ ጊዜ ይህን ነገር ደጋግሞ ያነሣ ነበር፤ ልለያቸው የተጣደፍሁትም አንድም ስለዚህ ነው።

ለልጁ የሆነውን ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ «የቀረውን አሳየኝ እስቲ፣ አጎቴ» አለችኝ።

የበቅሎ ጀርባ ነው፤ ጤዛ ያረፈበት ኮርቻ፣ ከኋላውም ያልጠራ የንጋት ሰማይ። በግራ በኩል፣ ከምስሉ ጠርዝ፣ ልጓሙን የያዘ እጅ ይታያል፤ ባለቤቱ ከምስሉ ውጪ ቀርቷል። ትልቅ አድርጌ አሳጥቤዋለሁ። ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ይዤው እሄዳለሁ፤ እጁ የማን እንደ ሆነ እነርሱ ያውቁት ይሆናል።