የካዛንቺስ ማሲንቆና በሥዕል የሚጻፈው ሙዚቃ

አንባቢ ሆይ፥ የዛሬው መንገዳችን አጭር ነው። ከመስቀል አደባባይ እንነሣና ግዮን ሆቴልን በግራ፥ አፍሪካ አዳራሽን በቀኝ እያየን ዳገቱን ቀስ ብለን እንወጣለን፤ አዳራሹንም አልፈን ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ካዛንቺስ እንታጠፋለን። መንገዱ ሁሉ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል በውስጡ ይገኛል፤ ስለ እርሱ ብዙ ስለ ተጻፈ ዛሬ አንቆምም።

የካዛንቺስ ስም ከጣሊያን የቀረ ነው። የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ የሚያሠራበት ድርጅት በአሕጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ጠላት ሲወጣ ቤቶቹ ቀሩ፤ ስሙም በአማርኛ አፍ ተሟሽቶ ካዛንቺስ ሆነ። በኋላ ዘመን ሰፈሩን ያስጠራው ግን የአዝማሪ ቤት ነው። ሲመሽ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በወንበሮቹ መካከል ይዞራል፤ እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ያንኑ ግጥም አሳምሮ፥ አንዳንዴም በሰጪው ላይ አዙሮ ይመልሰዋል። ከእነዚህ ቤቶች ይበልጥ ስሙ የታወቀው ፈንድቃ ነው። መላኩ በላይ በወጣትነቱ እዚያ ለሽልማት እየጨፈረ፥ ሌሊቱን ባንኮኒ ሥር እየተኛ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ራሱ ያዘው፥ ቆይቶም የሥዕል ማሳያ ያለው የባህል ማዕከል አደረገው።

ዛሬ ይህን ፈልጎ የሚመጣ ሰው አያገኘውም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አሮጌው ካዛንቺስ በብዛት ፈረሰ፤ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ፤ ከነዋሪው ብዙው ገላን ጉራን ወደ መሰሉ አዳዲስ መንደሮች ሄደ። መንገዱ ሰፍቷል፥ መብራቱም ደምቋል፤ ይህን የማያይ የለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ቤት ሲፈርስ ግድግዳው ይለካል፥ ካሣው ይሰላል፤ በቤቱ ውስጥ ይሰማ የነበረው ድምፅስ በምን ይለካል?

ይህ ጥያቄ ቀልድ እንዳይመስልዎ ማሲንቆን ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ክሩ አንድ ነው፥ ያውም የፈረስ ጭራ። በአንገቱ ላይ ለጣት ማረፊያ የሚሆን ምልክት የለውም፤ ድምፁን የሚያገኘው የመቺው ጣትና ጆሮ ብቻ ነው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ፒያኖ ግን ኦክታቩን በ12 እኩል ደረጃ ከፋፍሎ የጨረሰ መሣሪያ ነው። ትዝታ በፒያኖ ላይ ብዙም አይጎዳም። አንቺሆዬ ሲሆን አንዳንዱ ድምፅ በሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃል፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው የቀረበውን ቁልፍ ይነካና ያልፋል። በየሠርጉ ቤት የምንሰማው አንቺሆዬ እንዲህ የተስተካከለው ነው፤ ሱሪው ልክ እንዲሆን እግር እንደ መቍረጥ ማለት ነው።

ኮምፒዩተር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በፓሪስ ኢርካም በሚባለው የሙዚቃ ምርምር ተቋም ሚለር ፓኬት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «ማክስ» የተሰኘ ፕሮግራም ሠራ። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1957 ኮምፒዩተርን ሙዚቃ ላጫወተው ለማክስ ማቲውስ መታሰቢያ ነው። በ1996 ደግሞ ያው ሰው «ፒዩር ዳታ» የተባለውን፥ በነጻ የሚገኘውን ጀመረ። የሁለቱም ጠባይ አንድ ነው፤ ሥራው በጽሕፈት ሳይሆን በሥዕል ይሠራል። በመስኮቱ ላይ ትንንሽ ሣጥኖች ያስቀምጣሉ። አንዱ ሣጥን ድምፅ ያወጣል፥ ሌላው ያጐላል፥ ሌላው ይቈጥራል። ሣጥኑን ከሣጥን በመስመር ሲያያይዙት ድምፁ በመስኖ ቦይ እንደሚሄድ ውሃ ከአንዱ ወደ አንዱ ይወርዳል።

ሰፈሩ ሳይፈርስ ከአንድ የካዛንቺስ ማሲንቆ መቺ የቀዳሁት አንቺሆዬ ነበረኝ። በፒዩር ዳታ ውስጥ ድምፅ ሰምቶ ከፍታውን በቁጥር የሚናገር ሣጥን አለ፤ የቀድሞው ስሙ «ፊድል»፥ ይኸውም የፈረንጅ ማሲንቆ እንደ ማለት ነበር፤ አሁን «ሲግመንድ» በሚባል ተተክቷል። በዚህ አቈጣጠር 69 ማለት በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበው «ላ» ሲሆን 70 ቀጥሎ ያለው የፒያኖ ቁልፍ ነው። 69.4 ቢሆንስ? ለሣጥኑ ግድ የለውም። አንቺሆዬውን ባሰማሁት ጊዜ ቁጥሮቹ ሁሉ ከሙሉ ቁጥር ላይ አላረፉም። አምስቱን በሰንጠረዥ ሣጥን ጻፍኋቸው፤ ኮምፒዩተሩም በእነርሱ ዜማውን አሰማኝ።

ደስታዬ አጭር ነበር። ጣቱ ሽቅብ ሲወጣና ቁልቁል ሲወርድ የሚሰጠው ቁጥር ልዩ ልዩ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው አሁን ወደሚኖሩበት ወደ ገላን ጉራ ሄድሁና ሁለቱን አሰማኋቸው።

«አባባ፥ ልኩ የቱ ነው?»

«ሁለቱም። ሲወጣና ሲወርድ አንድ ነው ያለህ ማነው?»

ከዚያ ወዲያ ሰንጠረዡ ሁለት ሆነ፥ አንዱ ለመውጫ፥ አንዱ ለመውረጃ። ያለፈውን ድምፅ ከሚመጣው ጋር አስተያይቶ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥ ሣጥን ጨመርሁ። ለፒያኖ ሠሪ የማይቻለው ነገር በዚህ መስኮት ላይ የጥቂት መስመሮች ጉዳይ ነው።

የእነዚህ ፕሮግራሞች አዳዲስ ነገሮች ከዓመት ዓመት ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ማክስ 8 በአንድ መስመር ብዙ ድምፆች አብረው እንዲያልፉ አደረገ፤ አዝማሪውን ከነተቀባዮቹ ለመሥራት ይህ ትልቅ ድካም ያቃልላል። ማክስ 9 የወጣው ካዛንቺስ በሚፈርስበት ወራት፥ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው፤ ሣጥን መደርደር የሰለቸው ሰው ትእዛዙን በጽሕፈት የሚያስገባበት አዲስ ሣጥን አለው። ለእኛ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ማክስ አብሮት የሚሠራው «ላይቭ» በ12ኛው እትሙ፥ በ2016 ዓ.ም. ያመጣው ነው፤ ከ12ቱ እኩል ደረጃዎች ወጥቶ የራስን ቅኝት ማስገባት ተችሏል። በሩ ተከፍቷል እንግዲህ። ቁጥሩን ግን ከጀርመንም ከፈረንሳይም ሊልክልን የሚችል የለም።

አሁን ቁልቁል ስንመለስ ግዮን ደጃፍ ጥቂት እንቁም። ሙላቱ አስታጥቄ «አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅ» የተባለውን ክበባቸውን የከፈቱት በዚህ ግቢ ነው። እርሳቸው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ክራርን ለማዘመን ደክመዋል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሚካኤል ሰይፉና «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ የአገሩን ዜማ ከኮምፒዩተር ድምፅ ጋር አዋደዱ፤ የሚካኤል «ዘላለም» እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶ በውጭ አገርም ተደምጧል። ገና ያልሰሙት ከሆነ ይስሙት።

የእኔ ሰንጠረዥ የአንድ ሰው ጣት ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ቅኝት። ባቲና አምባሰል ገና ናቸው። የሽማግሌው የማሲንቆ ጭራ ዕቃ ሲጓጓዝ ተበጥሶ ስለ ነበር አዲስ አስረዋል፤ እስኪላላ ድረስ ሁለት ሳምንት ስጠኝ ብለውኛል፤ እሑድ ይሞላል።