ጉልበት ወይስ ልክ?

የአጎቴ ታክሲ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቀይሮለት በሳምንቱ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ወተት የነካው ቡና መሰለ። መካኒኩ ጉልበተኛ ነበር፤ ብሎኖቹን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ጥርቅም አድርጓቸዋል። ታክሲው ሲቆም የቤቱ እንጀራም አብሮ ቆመ።

ታዲያ እንዴት ይጥበቅ? በአብዛኛው ሞተር ከመሀል ተጀምሮ፣ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ወደ ዳር ይወጣል። መመሪያው 60 ኒውተን ሜትር ካለ፣ ሁሉንም መጀመሪያ በ20፣ ቀጥሎ በ40፣ በመጨረሻ በ60 ማጥበቅ ነው። የሚለካውም በቶርክ ቁልፍ እንጂ በክንድ አይደለም። አንዱ ወገን ቀድሞ ከተጫነ ቴስታታው ይዛነፋል፤ ጓርኒሲዮኑም እኩል አይያዝም።

እኛም ነገ ክፍል ገቢዎች ነን። የፊት ወንበሩን ልጅ በአንድ ቀን አጥብቀን የኋላውን ብንተወው፣ ትምህርቱ በዚያ በኩል ያፈሳል። ሁሉንም በየዙሩ፣ ሁሉንም በልኩ!