ሦስተኛውን ጋርኒሲዮን ከመሸጤ በፊት

ካርቱም ውስጥ የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚነግድ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ሁለት ቃል ነው፦ «አስሊ» እና «ቲጃሪ»። አስሊ ኦርጅናሉ ነው። ቲጃሪ ደግሞ ሌላ አምራች በኦርጅናሉ ልክ የሠራው ነው። ቲጃሪ ሁሉ መጥፎ አይደለም። የ40 ተከታታይ ላንድክሩዘር ጃፓን ውስጥ መሠራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ቲጃሪ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ፒክአፕ ቆሞ ይቀር ነበር። ጣጣው የሚመጣው የሁለት አምራች ዕቃ አንድ ሞተር ላይ ሲገናኝ ነው።

እኔ የኮሜርስ ዲፕሎማ ያለኝ ነጋዴ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እስኪጀመር ድረስ ሱቄ ካርቱም የኢንዱስትሪ ሰፈር ዳር ስለነበር፣ ከኡስታዎቹ ጋር ስውል የማኒፎልድን ነገር በደንብ አውቄዋለሁ።

የእነዚህ መኪኖች 2ኤፍ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ነው። ማስገቢያ ማኒፎልዱም የጭስ ማኒፎልዱም በቴስታታው አንድ ጎን፣ ተጠጋግተው ይታሰራሉ፤ ብሎንም ይጋራሉ። አንድ ወፍራም ሮንዴላ ግማሹ በማስገቢያው ጠርዝ፣ ግማሹ በጭስ ማውጫው ጠርዝ ላይ አርፎ ሁለቱን እኩል ይጫናል። የጠርዞቹ ውፍረት ከተለያየ ሮንዴላው ይጋደልና ወፍራሙን ብቻ ይይዛል። ዳዶውን የቱንም ያህል ብታጠብቁት ቀጭኑ ላላ እንዳለ ነው።

ማስገቢያው ከላላ ሞተሩ በጎን አየር ይስባል፤ ሚኒሞው ይዋዥቃል፤ ቤንዚኑ ስለሚሳሳ ሞተሩ ይግላል፣ ውሎ አድሮም ቫልቭ ይቃጠላል። ጭስ ማውጫው ከላላ ጠዋት ሲነሳ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ትኩሱ ጭስ ጋርኒሲዮኑን ይበላዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ጭሱ ወደ ጋቢና መግባቱ ነው። ሀቡብ ሲነሳ ሹፌሩ መስኮቱን ይዘጋል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ይገድላል።

አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩኝ፤ በአሮጌ ፒክአፕ ሽንኩርት ወደ ሱቅ ሊቢያ የሚያመላልሱ። በሁለት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ጋርኒሲዮን ሊገዙ መጡ። ለኔ ገበያ ነው፤ ዕቃው መደርደሪያ ላይ አለ፣ ገንዘቡም በእጃቸው ነው። «ሐጅ፣ ጋርኒሲዮን እኮ በየወሩ አይቀየርም፤ ራስዎን አያምዎትም?» አልኳቸው። «ያ ቢንቲ፣ ከመንገድ ስመለስ ሁሌ ያመኛል፤ ፀሐዩ ነው» አሉኝ። የዚያን ቀን አልሸጥኩላቸውም። ማኒፎልዶቹን አስፈትተው እንዲያመጡ ነገርኳቸው። ሁለቱ ከተለያየ ሱቅ የተገዙ ቲጃሪ ነበሩ። በካሊፐር ስንለካቸው የጭስ ማውጫው ጠርዝ 1 ሚሊሜትር ገደማ ሳስቶ ተገኘ።

ኡስታው መጀመሪያ የወፍራሙን ጠርዝ፣ ሮንዴላው የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ፣ አስልጎ ከቀጭኑ ጋር አስተካከለ። ቀጥሎ ሁለቱን ማኒፎልድ መሃል ላይ አያይዞ፣ ቴስታታው ላይ የሚቀመጠውን ፊታቸውን እንደ አንድ ዕቃ በማሽን አስላገ። ሲገጥም የሚያያይዛቸውን ብሎን ትንሽ አላላ። ዳዶዎቹን ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቀ፤ የመሃሉን ብሎን ያጠበቀው በመጨረሻ ነው። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላም ሁሉንም እንደገና ፈተሸ። ሐጁ ጋርኒሲዮን ፍለጋ አልተመለሱም፤ የመጡት ለዘይት ፊልትሮ ነበር፤ ራስ ምታቱም እንደተዋቸው ነገሩኝ።

ሒሳቡን እንየው። ሦስት ጋርኒሲዮን፣ ሦስት ጊዜ የእጅ ዋጋ፣ መኪናው የቆመባቸው ቀናት፣ በከንቱ የነደደው ቤንዚን። ከዚህ ሁሉ የአንድ ጊዜ ማስላጊያ ይረክሳል። እኔም ብሆን ሦስተኛውን ጋርኒሲዮን ባለመሸጤ ያጣሁት ትርፍ ትንሽ ነው፤ ሐጁ ከዚያ በኋላ የላኩልኝን ሹፌሮች ቁጥር ግን መዝገቤ ያውቀዋል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ዕቃ ገዝታችሁ በገዳሪፍ፣ በገላባት፣ በመተማ አድርጋችሁ ወደ ጎንደር ለምታሻግሩት ነው። ካርቱም ላለ ደንበኛ «መልሰህ አምጣው» ማለት ይቻላል። ድንበር የተሻገረ ማኒፎልድ ግን አይመለስም፤ የቀረጡም የጭነቱም ወጪ እላዩ ላይ ነው። ስለዚህ ሻጩ «ለ2ኤፍ ይሆናል» ሲላችሁ አይብቃችሁ። ለሞተሩ መሆኑ አንድ ጥያቄ ነው፤ ጎኑ ለሚታሰረው ማኒፎልድ መሆኑ ሌላ ጥያቄ ነው። ከተቻለ ሁለቱንም ከአንድ አምራች ግዙ። ካልተቻለ ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ፤ የሁለቱንም ጠርዝ በየብሎኑ ቦታ ለኩ፤ ቁጥሩን በጠመኔ እላዩ ላይ ጻፉ። ልዩነት ካለ የማስላጊያውን ዋጋ ማን እንደሚችል ገንዘብ ሳትከፍሉ ተስማሙ።

ደንበኛ ሲልካችሁ ደግሞ አሮጌውን ጋርኒሲዮን እንዳይጥለው ንገሩት። ጭስ የሚያፈሰው በየት በኩል እንደሆነ ጥቁሩ መስመር ያሳያችኋል።